ስለ አንዲስ ተራሮችና ስለ ፖቶሲ ብር ጠይቁኝ

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሉ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ አንዲስ ምን ያህል ይረዝማል?
መልስ፦ 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰባት አገር ያካልላል። ትልቁ ጫፍ አርጀንቲና ያለው አኮንካጓ ነው፣ 6,961 ሜትር።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ማዕድን ከየት መጣ?
መልስ፦ የፓስፊክ ወለል ከደቡብ አሜሪካ ሥር እየሰረገ ይገባል። እዚያ ጥልቀት ላይ ዓለት ይቀልጣል፣ ከቅላጩ የሚወጣው ትኩስ ውሃ ብሩንም መዳቡንም አሟሙቶ በስንጥቅ ስንጥቁ ይወጣና ሲቀዘቅዝ እዚያው ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ ፖቶሲ እንዴት ያን ያህል ሀብታም ሆነች?
መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ቦሊቪያ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። በ1545 ሴሮ ሪኮ የሚባለው ተራራ ላይ ብር ተገኘ። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የአገሬው ሰዎች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የሸክላ ምድጃ ተዳፋቱ ላይ ያቆማሉ፣ ወናፍ የለ ምን የለ፣ ነፋሱ ራሱ እሳቱን እያራገበ ብሩን ያቀልጠዋል። ምርጡ ድንጋይ ሲያልቅ ግን ይህ ዘዴ አልሠራም። በ1570ዎቹ ከፔሩ ሁዋንካቬሊካ ሜርኩሪ መጣ። የተፈጨውን ድንጋይ ከጨውና ከሜርኩሪ ጋር ያቦካሉ፣ ሜርኩሪው ብሩን ይይዛል፣ ከዚያ ሜርኩሪውን በእሳት ሲያተኑት ብሩ ይቀራል። መርዙን የሚተነፍሰው ሠራተኛው ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቹ ባሪያዎች ነበሩ?
መልስ፦ አፍሪካውያን ባሪያዎች ነበሩ፣ ብዙው ሸክም ግን የወደቀው በአገሬው ሕዝብ ላይ ነው። የስፔን እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ ሚታ የሚባለውን የግዳጅ ሥራ አደራጀ፤ በየዓመቱ ወደ 13,000 ወንዶች ከየመንደራቸው ተነቅለው ይመጡ ነበር። በሕግ የተሻረው በ1812 ነው።

ጥያቄ፦ ስምንት ሚሊዮን ሰው ሞቷል የሚባለውስ?
መልስ፦ አልቀበለውም። ለዚህ ቁጥር በቂ ማስረጃ የለም። ግፉ ግን የተጋነነ ቁጥር አያስፈልገውም፣ የተረጋገጠው ብቻውን ያስለቅሳል።

ጥያቄ፦ አሁንም ይቆፈራል?
መልስ፦ አዎ! ከብሩ በኋላ የቆርቆሮ ማዕድን ተራ መጣ፣ በ1985 ዋጋው ሲወድቅ መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናበተ። ዛሬ የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዚንክ፣ እርሳስና ብር ያወጣሉ። ሰዎቹ ጉንጫቸው ውስጥ የኮካ ቅጠል ወትፈው ይገባሉ፣ ዋሻው ውስጥ ላለው፣ የማዕድኑ ጌታ ለሚሉት መንፈስ ለኤል ቲዮ ሐውልት ሲጋራ ይለኩሳሉ። የሚገድላቸው አቧራው ነው፣ ሳንባ ይጨርሳል። ተራራውም አናቱ እየሰመጠ ስለሆነ ዩኔስኮ በ2014 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ጥያቄ፦ ለጉብኝት ብሄድስ?
መልስ፦ መጀመሪያ ከፍታዋ ዝቅ ባለው በሱክሬ ከተማ ጥቂት ቀን እደር፣ ከፍታው ይጥልሃል። ዋሻው ውስጥ ልግባ ካልክ ደግሞ አስበህበት ግባ፣ የሰው የሥራ ቦታ ነው።