የሚጠቁረው መነጽርና የሚያበራው ብር

ጥያቄ፦ ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር መነጽር አለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፉኛ ይጠቁርና ቤት ስገባ ቶሎ አይጠራም። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ግን እምብዛም አይጠቁርም፤ መኪና ውስጥማ ጭራሽ። ተበላሽቶ ይሆን? (መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አልተበላሸም። ሌንሱ ውስጥ ባለው ቀለም ላይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት (በዓይን የማይታይ) ጨረር ሲያርፍ የሞለኪውሉ ቀለበት ይከፈታል፤ የተከፈተው ሞለኪውል ብርሃን ስለሚውጥ ሌንሱ ይጠቁራል። መልሶ የሚዘጋው በዋናነት ሙቀት ነው። በደጋ ብርድ የተከፈተው ሳይዘጋ ይከማቻል። ቆላ ላይ ግን ጨረሩ ሲከፍት ሙቀቱ ሲዘጋ ሌንሱ አመድማ እንዳለ ይቀራል። ከፍታውም ያግዛል፦ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

የመኪና የፊት መስታወት መሐሉ ላይ የተጣበቀ ፕላስቲክ አለው፤ ጨረሩን የሚያስቀረው እሱ ነው። ስለዚህ ለመንዳት ሌላ የፀሐይ መነጽር ይያዙ። ሞተር ሳይክል የሚነዱ ግን አደራ፦ በጠቆረ ሌንስ የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ አይግቡ። እስኪጠራ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ በብርድማ ይብሳል። ዳር ይዘው ቆመው በተራ መነጽር ይቀይሩት።

ቤት ሲገቡ ሌንሱን ጋቢዎ ውስጥ ቢያሞቁት ቶሎ ይጠራል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ግን አያድርጉት፤ የላዩ ሽፋን ይሰነጣጠቃል። ማርጀቱን ለመፈተን የሌንሱን ግማሽ በወፍራም ጥቁር ወረቀት ሸፍነው ፀሐይ ላይ 2 ደቂቃ ያቆዩት። ወረቀቱን ሲያነሱ በሁለቱ ግማሾች መካከል ልዩነት እምብዛም ካልታየ ቀለሙ ደክሟል። በፕላስተር አይሸፍኑት፤ ሙጫው ሽፋኑን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በብር መመርመሪያ መብራቴ ሥር አንድ ኖት ሁለመናው ሰማያዊ አበራ። ሐሰተኛ ነው? (ባለሱቅ፣ ደብረ ሲና)

መልስ፦ ይህ ብቻውን አያስፈርድም። የኖት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ማንጫ (ይበልጥ ነጭ አስመስሎ የሚያሳይ ኬሚካል) ያልገባበት የጥጥ ወረቀት ስለሆነ በመብራቱ ሥር ጨለም ይላል። ተራ ነጭ ወረቀት ውስጥ ያለው ማንጫ ግን የመብራቱን አልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ ወዲያው ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ይኸው ማንጫ በብዙ የዱቄት ሳሙና ውስጥም አለ፤ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከልብስ ጋር የታጠበ እውነተኛ ብር የሚያበራው ለዚህ ነው። ከባንክ ካወጡት ተመሳሳይ ኖት ጎን አድርገው ሁለቱ ላይ የሚያበሩትን ምልክቶች ያነጻጽሩ፤ የደህንነት ክሩንም ወደ ብርሃን ይዘው ይዩ። መብራት ሲገዙ 365 ናኖሜትር (የጨረሩ የሞገድ ርዝመት) የሚለውን ይምረጡ፤ የ395ቱ የራሱ ሐምራዊ ብርሃን ደካማውን ምልክት ይሸፍነዋል።