ሪዲዛይን ማድረግ ያሳፍራል ወይ ላልሽው

እህቴ «ፖርትፎሊዮዬ (የስራዎቼ ስብስብ) ላይ ሪዲዛይን ብቻ ካለ ፈጠራ የላትም እባላለሁ?» ላልሽው፣ እኔም ደብረ ብርሃን ዲዛይን ተማሪ ነኝና ያው ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ሪዲዛይን፣ ማለትም ያለን ነገር እንደገና መንደፍ፣ በራሱ አያሳፍርም፣ የሚያሳፍረው የታወቀ አፕ ወስዶ ከለሩን ቀይሮ መለጠፍ ነው (አንደኛ አመት እያለሁ ሶስቴ አድርጌዋለሁ 😄)።

እስቲ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ እይው። እንጀራውም ያው ምጣዱም ያው ነው፣ የተቀየረው ከስር ያለው ሶስት ጉልቻ ነው፣ በሲሚንቶና በአሸዋ በተሰሩ ተገጣጣሚ ክፍሎች እሳቱን ዙሪያውን ዘጉትና ማገዶው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይሄን ሪዲዛይን በይው ፈጠራ በይው፣ ጭስ ለሚበላት እናት ምን ለውጥ አለው?

አዲስ ሀሳብ ደግሞ ላፕቶፕ ፊት ተጎልተሽ አይመጣም። እኔ መንዝ ዘመድ ጋ ሄጄ አጎቴ በርኖስ ለብሶ ስልክ ሲደወልለት ከስር ፈልጎ እስኪያወጣው ይዘጋል፣ ሁሌ ነው እንደዚህ፣ እና በቃ አገኘሁት ብዬ በርኖሱ ላይ የውጪ ኪስ ስኬች አድርጌ ሁለት ሌሊት ሬንደር (እውነተኛ የሚመስል የኮምፒውተር ምስል) ስሰራ አደርኩ። ሳሳየው ምን አለኝ መሰለሽ፣ «ቀደህ ብርድ ልታስገባብኝ ነው እንዴ?» በዛ ብርድ እውነቱን ነው። አስቀድሜ ብጠይቀው ሁለቱን ሌሊት እተኛ ነበር። አሁን አንገት ላይ የሚንጠለጠል የሱፍ ቦርሳ እየሞከርኩለት ነው፣ እሱንም ገና አልወደደውም።