ትከሻችሁን አውርዱ፦ ስለ ውጥረትና ስለ እረፍት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኑሮ ውጥረትና ስለ እረፍት የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እዚሁ ጎንደር የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምመልሰውም ከዚያው ነው። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ በዛ። የማንንም ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። ቤት ስገባ ሞቼ ነው የምገባው፣ ግን አላርፍም። ልጆቼ ሲንጫጩ እጮኻለሁ። ቲቪ ከፍቼ አፈጣለሁ፣ ምን እንዳየሁ አላውቅም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ሰውነትህ ለአደጋ ተዘጋጅቶ ነው የሚውለው። እግረኛው ዘው ይላል፣ አህያው መሐል መንገድ ላይ ይገተራል፣ ለባጃጇ ባለቤት የምታስገባው ገና አልሞላም። በእያንዳንዱ ድንጋጤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ደምህ ውስጥ ይገባሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። አንተ ደግሞ ተቀምጠህ ዋልክ። ያልወጣው ጉልበት አብሮህ ቤት ይገባና ልጆቹ ላይ ይፈነዳል። ክፉ አባት ስለሆንክ አይደለም።

ቲቪ ዓይንህን ይይዛል እንጂ ሰውነትህን አያሳርፍም። ባጃጇን ካቆምክ በኋላ 20 ደቂቃ በእግርህ ተራመድ። ዳገት ካለው የተሻለ ነው። ሰዓቱ መሽቶ መንገዱ ካላስተማመነህ ግቢህ ውስጥ ተመላለስ። ከዚያ በር ላይ ቁምና እስከ 4 እየቆጠርክ በአፍንጫህ አየር ሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አውጣ። አየር ስናስገባ ልብ ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ረጋ ይላል። ማስወጣቱ ይርዘም የምልህ ለዚህ ነው። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ለልጆቹም ንገራቸው፦ አባዬ ሲመጣ ትንሽ አረፍ ይላል፣ ከዚያ እንጫወታለን በላቸው። ልጅ ከነገሩት ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና አፈላለሁ። እረፍቴ እሱ ነው። ሌሊት ግን ዓይኔ ፈጦ ያድራል። ባለቤቴ ቡናውን እርግፍ አድርገሽ ተዪ ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ አቦል ከጠጣሽ፣ ማታ 4 ሰዓት ጋደም ስትዪ ግማሹ ገና ውስጥሽ ነው። ቶናና በረካ ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው።

ቡናውን ግን አትተዪ። እኔ እንደማየው የሚያሳርፍሽ ፍንጃሉ ውስጥ ያለው አይደለም። ቡናው ሲታጠብ፣ ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ ጢሱ ሲዞር፣ ጎረቤት ሲጠራ ማንም አይቸኩልም። እጅሽ ሥራ ይዟል፣ አፍሽ ወሬ ይዟል፣ ሐሳብሽ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በቀን ውስጥ ማንም የማያጣድፍሽ ሰዓት ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ቀይሪ። የመጨረሻውን ቡና ከ8 ሰዓት በፊት ጨርሺ። የማታውን ረከቦት ዘርጊ፣ ዕጣኑን አጭሺ፣ በቡናው ፈንታ ጤናዳም ወይም ዝንጅብል አፍልተሽ ቅጂ። ጎረቤቶችሽ መጀመሪያ ይገረማሉ፣ ቀስ በቀስ ይለምዱታል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስወጣ ሁለት ሦስት ቢራ ካልጠጣሁ ጭንቅላቴ አይለቀኝም። ቅዳሜ ደግሞ አዝማሪ ቤት ነኝ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይበጣጥሰዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብህ እየመታ የምትነቃ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። “ካልጠጣሁ አይለቀኝም” ያልካት ቃል አሳስባኛለች። ለሁለት ሳምንት ሞክርና በሳምንት አራት ቀን ሳትጠጣ እደር። ካቃተህ፣ ወይም ስታቆም እጅህ ከተንቀጠቀጠና ካላበህ፣ በራስህ አትታገለው፣ ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ለለመደ ሰው ድንገት ማቆም አደጋ አለው።

አዝማሪ ቤቱን ግን እወድልሃለሁ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ፊትህ ቆሞ ስምህን ሲያነሳ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ግጥም ሲቀበል፣ ብቸኝነትህ ይሰበራል። እስክስታውም አለ። ውጥረት አንገትና ትከሻ ላይ እንደሚቋጠር ታውቃለህ? ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ዘዴ አለ። አንድን ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ ጥብቅ ታደርግና በአንድ ጊዜ ትለቀዋለህ። እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ፣ እግር፣ በየተራ። የተጨመደደ ጡንቻ ልዩነቱን ሲያውቅ ይላላል። እኔ ይህን ለታካሚዎች ሳስተምር ሁሌም ትዝ የሚለኝ እስክስታ ነው። አያቶቻችን ትከሻ እንዴት እንደሚፈታ ያውቁ ነበር። ለስላሳ ይዘህም ይጨፈራል፣ ወንድሜ። ከአልጋህ ላይ ሆነህ ደግሞ የጃኮብሰንን ሞክር።

ጥያቄ፦ ጫትስ? ከጓደኞቼ ጋር ስቅም ዘና እላለሁ።

መልስ፦ ጫት አነቃቂ ነው። ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲለቅ ደግሞ ይደብታል። ዘና ያደረጉህ ጓደኞችህ ናቸው። ያለ ጫት አግኛቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። ከጡረታ በኋላ ጭንቀት ይዞኝ የሐኪም ኪኒን እውጣለሁ። ዘመዶቼ ኪኒኑን ጣልና ጸበል ግባ ይሉኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጸበልዎን ይጠመቁ፣ ኪኒንዎንም አይጣሉ። ሁለቱ አይጋጩም። ኪኒን በድንገት ማቆም ሕመሙን ከበፊቱ አብሶ ሊመልሰው ይችላል። ማቋረጥ ከፈለጉ ያዘዘልዎት ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል። ማለዳ ተነስተው ቤተ ክርስቲያን መሳለምዎ፣ መራመድዎ፣ ከሰው ጋር መዋልዎ ራሱ ትልቅ መድኃኒት ነው። እባክዎ እንዳይተዉት።

ጥያቄ፦ አዲስ ዓለም ሰፈር ነው የምኖረው። የአራት ወር ልጅ አለኝ። ሰው ሁሉ እረፊ ይለኛል። በየት በኩል?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። “እረፊ” ማለት ቀላል ነው፣ ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ምክሬ ለአንቺ ሳይሆን አጠገብሽ ላሉት ነው። ባል፣ እናት፣ እህት፣ ከናንተ አንዱ በቀን አንድ ሰዓት ልጁን ይዞ ይውጣ። እሷ ዕቃ ልታጥብ ሳይሆን ልትተኛ። ሶላትሽንም ማንም ሳያቋርጥሽ ረጋ ብለሽ ስገጂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አብዛኛውን ቀን ሐዘን ወይም ባዶነት ከተሰማሽ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ድካም ብቻ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ያኑ ዕለት ሰው ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ያፈርሽበትን ነገር እኛ በየቀኑ እንሰማዋለን፣ ማንም አይፈርድብሽም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ ቅዳሜ የት ልሂድ?

መልስ፦ ሩቅ የሚታይበት ቦታ ሂድ። ቅርብ ስናይ የዓይን ውስጥ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሩቅ ስናይ ይላላል። ከ11 ሰዓት በኋላ ጎሃ ተራራ ውጣ። ከተማው ከነግንቡ ከሥርህ ነው፣ ፀሐይዋም ስትጠልቅ ታያታለህ። ጸጥታ ከፈለግክ ቁስቋም አለልህ። እቴጌ ምንትዋብ ከተማው መሐል ግንብ እያለላቸው እዚያ ዳገት ላይ ሌላ ማሠራታቸው ሁሌም ይገባኛል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከገባህ ደግሞ ቀና በል። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት አለ። አንገቱን ደፍቶ ለሚውል ሰው ቀና ማለት ብቻውን ደስ ይላል። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው፣ ፎቶውን ሌላ ቀን ታነሳለህ።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ነገ ፈተና አለብኝ። ሌሊት 7 ሰዓት ሆኗል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን እየነካካሁ ነው።

መልስ፦ የአንተ ዘግይቶ ደረሰኝ፣ ፈተናው አልፏል። ለሚቀጥለው ግን ያዘው። እንቅልፍ እምቢ ካለ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቅና ከአልጋው ውረድ። ደብዛዛ ብርሃን ላይ ተቀምጠህ የሚያሰለች ነገር አንብብ። የሚያስጨንቅህን በወረቀት ጻፈውና ዝጋው። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ተመለስ። ስልኩን ለዶርም ጓደኛህ ስጠው፣ እስኪነጋም አትቀበለው።