ለቤት ወርክሾፕ የሚሆን ተንቀሳቃሽ የቱቦ ማጠፊያ፦ ጥያቄና መልስ

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ስለ ማጠፊያ የሚጠይቅ ሰው የቱቦውን ውጫዊ ዲያሜትር፣ የብረቱን ውፍረትና የሚፈልገውን የጉብጠት ራዲየስ በሚሊ ሜትር ይጻፍልኝ። እነዚህ ከሌሉ መልሴ ግምት ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በግቢዬ ባለች አነስተኛ ወርክሾፕ ወንበርና የጠረጴዛ እግር እሠራለሁ። ቱቦው ውጫዊ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ነው። በክሪክ የሚገፋውን ባለ 12 ቶን ማጠፊያ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ራዲየሱን ባይጠቅሱም የቱቦውን ዲያሜትርና ውፍረት ስለ ጻፉ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እነግርዎታለሁ። ያ መሣሪያ የተሠራው ለውሃ ቧንቧ ነው፤ የውሃ ቧንቧ የሚጠራበት ኢንች ደግሞ የውጭ ልኩ አይደለም። «1 ኢንች» የሚባለው ቧንቧ በካሊፐር ሲለካ ወደ 33.5 ሚሊ፣ «¾» የሚባለው ወደ 27 ሚሊ ይመጣል፤ የቤት ዕቃ ቱቦ ግን የሚሸጠው በውጭ ልኩ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ቱቦ በ1 ኢንቹ ዳይ ላይ፣ ማለትም ቱቦው በሚያርፍበት ባለ ቦይ ብረት ላይ፣ ይዋልላል፤ በ¾ ኢንቹ ላይ ግን ልክ የገባ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሚሊ ያህል ክፍተት ስለሚቀር፣ ክሪኩ ሲገፋ ቱቦው ወደ ክፍተቱ እየሰፋ ይጠፈጠፋል፤ ወዲያው የውስጥ ወገኑ ተጨማዶ ይሰበራል። ከ3 ሚሊ በላይ ውፍረት ያለው ቧንቧ ከመሐል መገፋትን ይችላል፤ 1.2 ሚሊ አይችልም።

ለእርስዎ የሚሆነው ቱቦው ከዳዩ ጋር ታስሮ አብሮት የሚዞርበት፣ ከጀርባው ደጋፊ ብረት የሚከተለው ባለ እጀታ ማጠፊያ ነው። ወለል ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ሥራ ሲያልቅ ተፈትቶ ይቀመጣል። ራዲየሱ ቢያንስ የዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለስስ ቱቦ አራት እጥፍ፣ ማለትም 100 ሚሊ፣ ቢሆን እመርጣለሁ። በዚህ ራዲየስ የ90 ዲግሪ ጉብጠት 157 ሚሊ ቱቦ ይወስዳል፤ ሲቆርጡ ያስቡት። የቱቦው የብየዳ መስመር በጉብጠቱ ውስጥም ውጭም ሳይሆን በጎን በኩል ይዋል። ብረት ሲለቀቅ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ስለሚመለስ በመጀመሪያ በቁራጭ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ማጠፊያ የቱ ነው? ዋጋውስ ስንት ነው?

መልስ፦ ምን ሊያጥፉበት? ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ለፍሪጅ ጥገና ቀጭን የመዳብ ቱቦ አጥፋለሁ።

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ልክ የሚሆን ባለ ሁለት እጀታ የእጅ ማጠፊያ ይበቃዎታል። የፍሪጅ ሥራ የእኔ ሙያ ስላልሆነ ከዚህ አላልፍም።

ጥያቄ፦ 1 ኢንች ቱቦ አለኝ። ባለ 12 ቶኑ የማይሆን ከሆነ ባለ 16 ቶኑን ብገዛስ?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን ያነበቡ አልመሰለኝም። ችግሩ የጉልበት ማነስ አይደለም። የማይገጥም ዳይ ላይ የበለጠ ጉልበት ቢጨምሩ ቱቦውን የሚያበላሹት በፍጥነት ነው። ውጫዊ ዲያሜትሩን በካሊፐር ይለኩ።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን አስፈለገ? ነባር በያጆች ቱቦውን በአሸዋ ሞልተው፣ በእሳት አግለው ያጥፉት የለም እንዴ?

ሌላ አባል፦ አንድ ወንበር ለሚሠራ ይሆናል፤ አራት እግር እኩል ለማውጣት ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

የመጀመሪያው አባል፦ እጁ የለመደ ሰው እኩል ያወጣል። ጭሱ እንደሆነ ወተት ከጠጡ አይጎዳም።

መልስ፦ ጣልቃ ልግባ። በአሸዋ ማጠፍ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ነገር ግን አሸዋው ፍጹም የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው ጫፎቹ በተደፈኑበት ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ መድፈኛውን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። ቱቦው ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም በዚንክ የተለበጠ፣ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ ሲነድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ወተት ይህን አይከላከልም። ስለ ወተት ከዚህ በኋላ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ለግቢ በር ሰፊ ቅስት በየትኛው ላውጣ?

መልስ፦ በሦስት ሮለር ማሽን። ቱቦውን እያመላለሱ መሐለኛውን ሮለር በጥቂት በጥቂቱ ያጠብቃሉ። ሁለቱም ጫፎች ሳይጎብጡ ቀጥ ብለው ስለሚቀሩ ቱቦውን አስረዝመው ይቁረጡና በኋላ ትርፉን ያስወግዱ። ለወንበር እግር ግን አይሆንም፤ ጠባብ ጉብጠት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አራት ማዕዘን ቱቦላሬስ?

መልስ፦ የራሱ ዳይ ይፈልጋል። በክቡ ዳይ አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ እጀታውን ይዞልኝ ቢመጣ ይሻላል?

መልስ፦ ይሻላል፤ ነገር ግን የዚያ አገር ዳይ በአብዛኛው የሚቀረጸው በኢንች ነው። 25 ሚሊ ቱቦ በ25.4 ሚሊ ዳይ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። 32 ሚሊ ቱቦ ግን 1¼ ኢንች፣ ማለትም 31.75 ሚሊ በሆነው ቦይ ውስጥ በትክክል አይቀመጥም። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት እዚህ ያለዎትን ቱቦ በካሊፐር ለክተው ይላኩለት፤ የሚገጥም ካላገኘ ጥሩ ቶርኖ ቤት ዳዩን ብቻ ይቀርጽልዎታል። እጀታው እዚሁ ከገበያ ብረት ስለሚሠራ ወንድምዎ እርሱን ትቶ የሻንጣውን ኪሎ ለዳዮቹ ያውለው።