ሐምሌ ላይ በሞተር ወደ አፋር፦ ንፋሱ እንዳያታልልህ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በየራሳችን 150 ሲሲ ሞተር ሰመራ፣ ከተቻለም ዳሎል ድረስ ለመሄድ አስበናል። ሐምሌን የመረጥነው ሁለታችንም እረፍት የምናገኘው ያኔ ብቻ ስለሆነ ነው። የሰማ ሁሉ «አብዳችኋል እንዴ?» ይለናል። እውነት አይቻልም? ደግሞስ በዚያ ሙቀት ጃኬት ይለበሳል ወይስ በቲሸርት መንዳት ይሻላል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። አላበዳችሁም። ሰመራ ትደርሳላችሁ። ዳሎልን ግን ለኅዳር ወይም ለታኅሣሥ አቆዩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 እዚያ በተወሰደ ልኬት፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። አማካይ ሲባል ሌሊቱም፣ ታኅሣሥና ጥርም ገብተውበት ነው። ሐምሌ ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል አስበው። እዚያ ከመንገድ ርቆ ሞተር ቢቆምባችሁ ጥላ የለም፣ ገፍቶ መውጣትም የለም።

ይህን የምጽፈው ፒያሳ ሆኜ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ከመስኮቴ ሥር የሚያልፉት ሞተረኞች ላስቲክ ደርበው ትከሻቸውን ሰብስበው ነው የሚነዱት። አሳሳቹ ነገር ይሄ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ለአፋር ቆላ የሃሩር ጊዜ ነው። ሹራብ ለብሰህ ከአራት ኪሎ ትነሳለህ፣ በማግስቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ውስጥ ነህ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰመራ 430 ገደማ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፣ አንተ የምትሰጠው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጃኬቱ። ልበሰው፣ ዚፑንም ዝጋ። ማንም አያምነኝም ግን እኔ ራሴ ተቀጥቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት ሰኔ ላይ ገዋኔን እንዳለፍኩ ሙቀቱ ሲብስብኝ ጃኬቴን አውልቄ ከኋላ አሰርኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ላብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሸሚዜ ደረቅ ነው፣ ክንዴም ደረቅ ነው። እንግዲያው ደህና ነኝ ብዬ ቀጠልኩ። ሚሌ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ልነቅል ብል ጣቶቼ እንቢ አሉኝ። ቁልፉን አየዋለሁ፣ ግን መያዝ አቃተኝ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አይቶኝ ነው በእጁ ደግፎ ጥላ ውስጥ ያስገባኝና ማጅራቴ ላይ ውሃ ያፈሰሰልኝ። ክንዴ ላይ ደግሞ ነጭ የጨው መስመር ደርቆ ነበር። ላብ አልነበረኝም ያልኩት ሰውዬ፣ ላቤ በሙሉ እዚያ ተጽፎ አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳችን 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ ሲበልጥ የሚመታህ ንፋስ አያበርድህም፣ ያሞቅሃል እንጂ። የሚያበርድህ ላብህ ሲተን ብቻ ነው፤ በሞተር ፍጥነት ላይ ሆነህ ራቁት ቆዳ ላይ ግን ላቡ ወዲያው ይደርቃል፣ ማላብህንም ሳታውቅ ውሃህን ትጨርሳለህ። ስለዚህ ከሥር የጥጥ ቲሸርት ልበስና በየቆምክበት በደንብ አርጥበው፣ ከላይ ጃኬቱን ዝጋና በአንገትና በእጅጌ በኩል ጥቂት ንፋስ ብቻ አስገባ። የአየሩ ድርቀት እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፤ እርጥበቱ ቀስ እያለ ሲተን ደህና አድርጎ ያበርድሃል። አንገትህ ላይ እንደ አፋሮቹ ሽርጥ ነገር ነክረህ ጠምጥም።

ውሃ ሲጠማህ አትጠብቅ። በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ። በአንድ ጊዜ አንድ ሃይላንድ ገልብጦ ለሁለት ሰዓት መርሳት አይሆንም። በሰዓት ከ1.4 ሊትር ገደማ በላይም አትጠጣ፣ ጨው በሌለው ውሃ ብቻ ሆድን መሙላት የራሱ አደጋ አለው። ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዛ፣ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠው። ለየራሳችሁ ቢያንስ 5 ሊትር ያዙ። ሽንትህ ከጠቆረ እያነሰህ ነው። ጫት በዚያ መንገድ ሞልቷል፤ እባክህ ተወው፣ ድካምን ይደብቅብሃል፣ ልብህንም ያስሮጠዋል።

ጓደኛህ ቢዘባርቅ፣ ስሙን ጠርተኸው የማይገናኝ ነገር ቢመልስልህ፣ ላብ ኖረውም አልኖረው እንደ ከባድ ነገር ቁጠረው። ጥላ፣ ውሃ በመላ አካሉ ላይ፣ ማራገብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። «ትንሽ ይረፍ» ብለህ አትጠብቅ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጋችሁ፣ መተሐራን አልፋችሁ አዋሽ ሰባት ግቡ። 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ቀን በቃችሁ። እደሩ። «ገና ጠዋት ነው፣ እንቀጥል» ያሰኛችኋል፤ እንዳትሰሙት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሱና ረፋድ 5 ሰዓት ሲሆን የትም ከተማ ብትሆኑ ቁሙ። እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ተኙ። የቀረችውን ከዚያ በኋላ ጨርሷት፣ ካልሆነም ለነገ። በጨለማ ግን በጭራሽ። ያ የጅቡቲ መንገድ ነው፣ ተሳቢዎቹ አይጣል ናቸው፤ ግመል ደግሞ አስፋልት መሃል ቆሞ መብራትህን ሲያይ አይንቀሳቀስም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አታርፉ። እላይ ወሎ ላይ የዘነበው ዝናብ እናንተ ጋ ደመና ሳይኖር ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የመንገዱን ሰላምም አዋሽ ላይ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ከማንም በላይ የዕለቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሞተሩ ካርቡሬተር ካለው ከመውጣታችሁ በፊት ለመካኒካችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ንገሩት። እዚህ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ቆላ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ዘይት ቀይሩ፣ ትርፍ ካንዴላና ካላማዳሪ ያዙ። ማደያ ባያችሁበት ሁሉ ሙሉ፤ ግን እስከ አፉ አይሁን፣ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እቃ በሞተር አመላልሳለሁ። ወደ ቆላ ሲወረድ የጎማ ንፋስ መቀነስ አለበት ይሉኛል፣ ካልሆነ ይፈነዳል ብለው። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ ነው፤ በመንገድ ግሎ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ፋብሪካው አስቀድሞ አስቦበታል። ከጋለ ጎማ ንፋስ ካስወጣሽ፣ ያነሰው ጎማ ይበልጥ እየተጣጠፈ ይብስ ይግላል። የሚፈነዳውም ያኔ ነው። ሌላም አለ፦ አዲስ አበባ በልኩ የተነፋ ጎማ ቆላ ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ በሙቀት ያገኘው ጭማሪ ባይኖር ኖሮ መለኪያው 3 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ያህል ዝቅ ብሎ ይነበብ ነበር። ስለዚህ እዚህ አትነኪው። አዋሽ እደሪ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው ጎሚስታ ጋ ወስደሽ አስለኪ፣ ሻንጣ ከጫንሽ የኋላውን ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ ለጭነት በተጻፈው ልክ አስነፊ።