ጉልበት ለምን ይነካል? ስለ ርካሽ በረራ ወንበር ጠይቃችሁናል

ጥያቄ፦ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በርካሽ አየር መንገዶች እመላለሳለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ86 ነው። የሁለት አውሮፕላኖች የረድፍ ርቀት እኩል 30 ኢንች እንደሆነ አንብቤ ተሳፈርኩ። በአንዱ ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ሲጋጭ ከረመ፤ በሌላው ምንም አልነካኝም። አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ማንም አልዋሸም። የረድፍ ርቀት የሚለካው ከወንበርዎ ጀርባ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ነው። የመደገፊያው ውፍረት እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። 30 ኢንች 76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በጉልበትዎ ትይዩ መደገፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ 66 ይተርፍዎታል፣ 4 ከሆነ ግን 72። እንግሊዞች በ1989 ዝቅተኛ መጠን ሲደነግጉ ይህን አውቀው የለኩት ከመደገፊያው ፊት እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ነው፤ 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሳንቲ ሜትር። እሱም ቢሆን በአደጋ ጊዜ ቶሎ ለመውጣት እንጂ ለምቾት የታሰበ አይደለም።

ጥሩ ንድፍ አውጪ መጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ቦታ ነው። መደገፊያውን በጉልበት ትይዩ ወደ ውስጥ ያጎደጉደዋል፤ የመጽሔቱንና የደኅንነት ካርዱን ኪስ ደግሞ ከታጣፊው ጠረጴዛ በላይ ያወጣዋል። ኪሱ ታች ከቀረ አንድ የውሃ ጠርሙስ ብቻ ትርፉን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንድ ኢንች ቢጨምሩልን ምን ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ስድስት ትኬት። 180 ሰው የሚጭን ኤርባስ ኤ320 ሠላሳ ረድፍ አለው፤ ለየረድፉ አንድ ኢንች ሲጨመር 30 ኢንች፣ ማለትም አንድ ሙሉ ረድፍ ይሄዳል። ወንበሩን ማንቀሳቀሱ ራሱ አያስቸግርም፤ የወለሉ ሐዲድ በየአንድ ኢንቹ ማሰሪያ ቀዳዳ አለው። ተረስቶ ሥራ የሚያበዛው ከራስ በላይ ያለው ነው፤ የኦክስጅን ጭምብሉና መብራቱ አብረው ካልተዛወሩ ጭምብሉ ከተሳፋሪው ራቅ ብሎ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ስስ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ካለፈኝ መቀመጫዬን ያመኛል፣ እግሬም ይደነዝዛል። ስፖንጁን ቢያወፍሩት አይሻልም?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን ውፍረት ብቻውን አያድንም። ለስላሳ ስፖንጅ የቱንም ያህል ቢወፍር ከሥርዎ ተጨፍልቆ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችዎ ያረፉት በወንበሩ አካል ላይ ነው። የሚሻለው ከታች ጠንከር፣ ከላይ ለስለስ ያለ ስፖንጅ መደረብና ከሥሩ በደረቅ ሰሌዳ ፈንታ የተወጠረ ጨርቅ ማድረግ ነው። ጨርቁ እንደ አልጋ ጠፍር ክብደትን ያከፋፍላል።

የእግርዎ መደንዘዝ ምክንያቱ ሌላ ነው። የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ክብ ሆኖ ወደ ታች ካልወረደ የጭንን ሥር ይጫናል። አጭር ሰው ደግሞ እግሩ ወለል ስለማይደርስ የበለጠ ይጎዳል፤ ስፖንጁን ማወፈር ለእሱ ጭራሽ ማባባስ ነው።

ሌላው ገደብ እሳት ነው። የወንበር ትራስ ከነልባሱ ለሁለት ደቂቃ በኃይለኛ ነበልባል ይፈተናል፤ ከክብደቱ በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ ማጣት የለበትም። ስለዚህ ስፖንጁ እሳት በሚከለክል ልባስ ይጠቀለላል፣ ልባሱም ትንሽ ያደርቀዋል። ልባሱን ተራ ሰፊ ዘንድ ማስለወጥም አይቻልም፤ የተመሰከረለት ስፖንጁና ልባሱ አንድ ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ገንዘብ ያጠረው አየር መንገድ አዲስ ወንበር ከመግዛቱ በፊት የሞተውን ስፖንጅ በጊዜው ቢለውጥ ተሳፋሪው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው ቁልፍስ የት ገባ?

መልስ፦ ክብደት አለው፣ ይበላሻል፣ የኋላውን ሰው ቦታ ይወስዳል። የአየርላንዱ ርካሽ አየር መንገድ ራያንኤር በማይዘነበል ወንበር ነው የሚበረው። በ30 ኢንች ረድፍ ሲሠራ ጥቂት ወደ ኋላ ያዘነበለ ቋሚ መደገፊያ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስፋቱን ማንም አያነሳም። እኔ ወፍራም ሰው ነኝ፤ ምን ልምረጥ?

መልስ፦ የአውሮፕላኑን ዓይነት ይዩ። በአንድ ረድፍ ስድስት ሰው ሲቀመጥ ኤ320 ላይ ወንበሩ 18 ኢንች ገደማ፣ ቦይንግ 737 ላይ 17 ገደማ ነው፤ የ737 አካል ጠበብ ይላል። ንድፍ አውጪው ከመተላለፊያው ቆርሶ አይሰጥዎትም፤ መተላለፊያው ከጉልበት ከፍታ በላይ ቢያንስ 20 ኢንች እንዲሆን ደንብ ያስገድዳል። ኤርባስ ኤ220 ግን በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው ሦስት ወንበር ነው ያለው፤ ከሦስቱ መካከለኛው ሰፋ ተደርጎ 19 ኢንች ተሰጥቶታል። እዚያ አውሮፕላን ላይ መካከለኛውን አይሽሹ።