ካርዱ ለእማዬ፣ ኪውአሩ ለጓደኞቼ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች የተማከሩ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ወረቀትና ስለ ስልክ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት እየቆረጥኩ ነው። ዲዛይነር የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መልሶቼ ወደ ወረቀቱ ትንሽ ያደላሉ፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡኝ።

«ጥር ላይ ላገባ ነው። እጮኛዬ "በዚህ ዘመን የወረቀት ካርድ ብር ማቃጠል ነው፣ በቴሌግራም እንላክ" ይላል። እማዬ ደግሞ ካርድ በእጁ ያልደረሰው ሰው አልተጠራም ባይ ናት። ካርዱ ላይ ኪውአር ኮድ አድርገን ሁለቱን ብናስታርቅስ? ስጦታ የሚላክበት የቴሌብር ኮድስ ቢኖረው?» — ሙሽሪት፣ ከሰሚት

እንኳን ደስ አለሽ! እናትሽ ልክ ናቸው።

አንድ ጊዜ የሠራሁት የሠርግ ካርድ ለሙሽራው አያት ሲሰጣቸው አጠገባቸው ነበርኩ። መነጽራቸውን አልያዙም፤ አላነበቡትም። መጀመሪያ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩት፣ መልሰው ገለበጡት። «ወፍራም ነው» አሉና ኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ለእሳቸው ጥሪው ያኔ ደርሷል። ቴሌግራም ላይ የተላከ ምስል ማን ኪሱ ይከተዋል?

ማስታረቁ ግን ይቻላል፤ ሥራ ከተከፋፈሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹና የሚደወልበት ስልክ በፊደል ካርዱ ላይ ይጻፍ። ኮዱ የሚሸከመው ወረቀት የማይችለውን ብቻ ነው፦ ካርታውን፣ ሊቀየር የሚችለውን ፕሮግራም፣ በኋላ የሚወጡትን ፎቶዎች። አድራሻውንም ለካርታው ብቻ አትተዪው። በእኛ ከተማ አድራሻ ማለት «ከማደያው ፊት ለፊት፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ» ነው። እሱም ይጻፍ። ዳታ ያለቀበት አጎትሽ አዳራሽ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር መዞር የለበትም።

ስለ ኮዱ መጠን እኛ የምንጠቀምበት ልማድ አለ። የኮዱ ጎን ስልኩ ከሚቆምበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን ይባላል። ሰው ካርድ ላይ ስልኩን 25 ሴንቲሜትር ያህል አርቆ ይይዛል፤ ስለዚህ 2.5 ሴንቲሜትር ይበቃሻል። አዳራሹ በር ላይ ባነር ካለና ሰው ከ3 ሜትር የሚያየው ከሆነ 30 ሴንቲሜትር ያስፈልገዋል። በኮዱ ዙሪያ ነጭ ባዶ ቦታ ይተው። ደንቡ ኮዱን ከሠሩት ትንንሽ ካሬዎች የአራቱን ያህል ስፋት ነው። ዲዛይነርሽ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ አበባ ሊተክልባት ይፈልጋል። እምቢ በዪው። ወርቃማ ፎይልም እንዳታስነኪው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ለካሜራ መስታወት ነው። ጥቁር በነጭ፣ ከካርዱ ጀርባ፣ ከመታጠፊያው ርቆ ይቀመጥ።

መታጠፊያ ካነሳን አይቀር፦ 300 ግራም የሚባለውን (በካሬ ሜትር የሚመዝነው ነው) ወፍራም ወረቀት እንዲሁ በእጅ ካጠፉት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይላጣል። መጀመሪያ መስመሩ በማሽን ተጭኖ መውጣት አለበት። ማተሚያ ቤቱ ለዚህ ትንሽ ጨምሪ ቢልሽ አትከራከሪ።

የቴሌብሩን ነገር ግን አልስማማም። እኔ ራሴ ሒሳቤን የምቀበለው በቴሌብር ነው፤ ጥላቻ የለኝም። ግን ጥሪ ካርድ ላይ የክፍያ ኮድ ሲቀመጥ ካርዱ የመብራት ቢል ይመስላል። የግድ ካላችሁ ኮዱ በሚከፍተው ገጽ ላይ፣ እታች፣ ከፎቶዎቹ በኋላ አድርጉት። አክስቶችሽ እዚያ ድረስ አይወርዱም።

«ቡና ቆልቼ በ250 ግራም ከረጢት እሸጣለሁ። ከረጢቱ ቡናማ ክራፍት ወረቀት ነው፣ ጽሑፉም ኮዱም በነጭ ታትሟል። ኮዱ ድረ ገጻችንን ይከፍታል። ሦስት ወር ሆነው፤ ስካን ያደረገ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምን አጠፋሁ?» — ባለ ቡናው፣ ከሐዋሳ

በመጀመሪያ አንድ የምወደውን ታሪክ ልንገርህ፤ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ።

ኪውአር ኮድን በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ማሳሂሮ ሃራ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። ዴንሶ በተባለ የመኪና ዕቃ አምራች ይሠራ ነበር፤ ኮዱም የታሰበው ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ዕቃ ለመከታተል ነበር። ሐሳቡ የመጣለት «ጎ» የሚባለውን በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱትን ጨዋታ ሲጫወት ነው። አንድ ችግር ግን ገጠመው፦ ማሽኑ ከብዙ ጽሑፍ መሐል «ኮዱ ያለው እዚህ ነው» ብሎ እንዴት ይለየዋል? በሦስቱ ማዕዘን የምታያቸው ሳጥኖች የገቡት ለዚህ ነው። ሃራና ባልደረባው ከሌላ ኅትመት ጋር የማይምታታ ምልክት ፍለጋ በራሪ ወረቀቱን፣ መጽሔቱን፣ ካርቶኑን እየሰበሰቡ የጥቁሩንና የነጩን ስፋት ለኩ። ኅትመት ላይ ከሁሉ በጥቂቱ የሚገኘው የስፋት ምጣኔ 1:1:3:1:1 (ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር) ሆነ። ዛሬም ሳጥኖቹን ከየትኛውም አቅጣጫ መሐል ለመሐል ብትለካቸው ያንኑ ታገኛለህ። አየህ፣ ስልክ ሁሉ የሚያነበው ነገር የተሠራው ወረቀት ላይ አፍጥጠው ነው።

እንግዲህ ኮዱ የሚጠብቀው ጥቁር በነጭ ነው፣ አንተ ደግሞ ገለበጥከው። ብዙ አዳዲስ ስልኮች የተገለበጠውንም ያነባሉ፤ ሁሉም ግን አያነቡም። በዚያ ላይ ክራፍት ወረቀት ቀለም ይጠጣል። ነጭ ብለህ ያሳተምከው ደርቆ ሲወጣ የገብስ ቆሎ መልክ ይይዛል። ከረጢትህን በደንብ እየው፤ ጽሑፉም ላይ ችግር ይኖራል። «ሴ» እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት በቀለም ከተደፈነች «ሲ» ትሆናለች። የፊደሉ መጠን ከ9 ነጥብ (ፖይንት) በታች የሆነ አማርኛ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ በነጭ አታሳትም። ከረጢቶቹን ግን አትጣላቸው። ነጭ ስቲከር ላይ ኮዱን በጥቁር አሳትመህ ለጥፍበት። ጥቁሩም ከአራቱ የኅትመት ቀለሞች የተደባለቀ ሳይሆን ጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። አራቱ የፀጉር ያህል ከተዛነፉ የካሬዎቹ ጠርዝ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ከኮዱ ሥር «ስካን ያድርጉ» ብለህ ጽፈሃል፣ አይደል? ለምን ብሎ ያድርገው? ደንበኛህ የት እንደቆመ አስብ። ማድ ቤት ነው፣ ውሃው ሊፈላ ነው፣ አንድ እጁ ከረጢቱን ይዟል። በዚህ ሰዓት የድርጅትህን «ስለ እኛ» ገጽ ማንበብ አያምረውም። የተቆላበትን ቀን ከረጢቱ ላይ በማኅተም ምታለት። ከኮዱ ሥር ደግሞ «ለአንድ ጀበና ስንት ማንኪያ? የ1 ደቂቃ ቪዲዮ» ብለህ ጻፍ፤ ኮዱም በቀጥታ ቪዲዮውን ይክፈት።

ኮዱ የሚይዘው አድራሻ ደግሞ የራስህ ይሁን፤ ይህን የምልህ ራሴ ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ 2,000 ብሮሸር ላይ ያስቀመጥኩትን ኮድ የሠራሁት በነፃ በሚሰጥ አገልግሎት ነበር። ሲሞከር ሠርቷል። ብሮሸሩ ከተከፋፈለ በኋላ ግን ኮዱ የሚከፍተው «አገልግሎቱን ለመቀጠል ይክፈሉ» የሚል ገጽ ሆነ። ለካ ኮዱ የሚያልፈው በእነሱ አድራሻ በኩል ኖሯል። ቢሮ የቀረውን 1,100 ሁለት ሌሊት ቁጭ ብለን ስቲከር ለጠፍንበት፤ የተበተነው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ኅትመት ላይ የማወጣው ደንበኛው የራሱ ያደረገውን አጭር አድራሻ ብቻ ነው። የታተመው እንደታተመ ይቀራል፣ ከጀርባው ያለውን ገጽ ግን በፈለግክ ቀን ትቀይራለህ። አድራሻው ባጠረ ቁጥርም የኮዱ ካሬዎች ቁጥር ይቀንሳል፣ እያንዳንዱም ይሰፋል፤ ለአንተ ዓይነት ወረቀት ደግሞ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

«አርማችንን ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላክኩ። ስልኬ ላይ ጥርት ያለው ብሮሸሩ ላይ ደብዝዞ ወጣ። አረንጓዴውም ሞተ። እነሱ ናቸው ጥፋተኞቹ?» — ከአዳማ

አይደሉም። እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል ላኪው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈለጋል፤ ኤ5 ገጽ ሙሉ የሚሞላ ምስል 1748 በ2480 ፒክሰል መሆን አለበት ማለት ነው። አርማውን ግን ከሠራልሽ ሰው ዋናውን የቬክተር ፋይል (ቢያሳድጉትም የማይደበዝዘውን) ተቀበዪ፤ ገንዘብ ከፍለሽበታል። አረንጓዴው ስልክሽ ላይ ብርሃን ነው፣ ወረቀት ላይ ቀለም። ያ የሚያበራው አረንጓዴ በተለመዱት አራት ቀለሞች አይወጣም። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አስወጥተሽ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን እዪው።

«በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሳተምኩት የግጥም መጽሐፍ አለኝ። ፋይሉን በዲስክ አስቀምጬ ነበር። አሁን ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። ልጆቼ በስልካቸው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ጠፍቷል ማለት ነው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ጋሼ፣ አልጠፋም። ያኔ ኮምፒውተር ውስጥ ለፊደላችን የተመደበ የጋራ ቦታ አልነበረም። የኮምፒውተር ፊደል (ፎንት) ሠሪዎቹ የላቲኑን ቦታ ተበድረው በላዩ ላይ የእኛን ሳሉበት። ያ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር ታዲያ ሥር ያለውን ላቲን ያሳይዎታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ስልክ ሁሉ አማርኛ የሚያነበው በዚያ ነው። መጽሐፉ የተጻፈበትን ፊደል ስም ካወቁ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ሰው ያገኛሉ። ሰው ሁሉ በየራሱ ሠንጠረዥ ይሠራ ስለነበር ስሙ ወሳኝ ነው።

ከተቀየረ በኋላ ግን አይመኑት። አንዳንዶቹ አሮጌ ፊደሎች እንደ «ቋ» ያለውን ከሁለት ቁራጭ ይገጣጥሙ ነበር፤ ሲቀየር እዚያ ላይ ይስታል። አራት ነጥቡም ይምታታል። የታተመውን መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ጣትዎን ስንኙ ላይ እያስኬዱ ያርሙ። አንድም ቅጂ ከሌለዎት ከወዳጅ ይዋሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባይጠይቁኝም። እንደገና ሲያሳትሙት በየግጥሙ ግርጌ ትንሽ ኮድ ይኑር፤ ሲከፈት እርስዎ ግጥሙን ሲያነቡት ይሰማ። እዚያ ያደጉ ልጆች ፊደሉን ቢለዩም የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ ወረቀቱ አይነግራቸውም። ኮዱን መሥራት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ድምፅዎን ግን ከአሁኑ ይቅዱ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ እንዳይሆን ብቻ።